ሞገዱን ተዉት፣ ቆርቆሮውን ስሙት

ባለፈው ነሐሴ ሰበታ አንድ ወዳጄ ቤት አመሸሁና መንገዱ ጭቃ ስለነበር እዚያው አደርኩ። ወዳጄ እንቅልፍ እምቢ ሲለው የሚከፍተው «የእረፍት ሙዚቃ» አለው። ስልኩን ከትራሱ ሥር ሸጎጠና ለቀቀው፤ ለስለስ ያለ የሲንተሳይዘር ድምፅ፣ ከሥሩ የባሕር ሞገድ፣ ሽሽሽ… ሽሽሽ። ይህ ሰው በዕድሜው ባሕር አይቶ አያውቅም። በዚያው ሰዓት እውነተኛው የነሐሴ ዝናብ ከራሳችን በላይ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። እሱ ግን ዝናቡ ሞገዱን እንዳይሸፍንበት ብሎ የስልኩን ድምፅ ጨመረ!

ሳቄን በብርድ ልብስ አፍኜ ተኛሁ። ጠዋት ቡና ላይ «ለመሆኑ እንዲህ ያለው ሙዚቃ እንዴት ነው የሚሠራው? አንተ እንደሆንክ መነካካት ትወዳለህ» አለኝ። አቦል ላይ የጀመርኩት ወሬ በረካ ላይም አላለቀም። የቀረውን ለእናንተ ላውጋችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የሚመዘዘው። አብዛኛው ጀማሪ ሙዚቃውን በኪቦርድ ሠርቶ ይጨርስና የወፍ ድምፅ ከላይ ይነሰንስበታል፣ ወጥ ሊወጣ ሲል ጣል እንደሚደረግ መከለሻ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ወፉ፣ ዝናቡ፣ ነፋሱ አውጪ ናቸው፤ ሲንተሳይዘሩ ተቀባይ ነው። ተቀባይ ከአውጪው ቀድሞ ሲጮህ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዘፈኑ ይበላሻል።

ይህን ከብዙዎች ቀድሞ የተረዳው አሜሪካዊው በርኒ ክራውዝ ነው፤ የሚገርመው ደግሞ የመጣው ከሲንተሳይዘር ወገን መሆኑ ነው። ሮበርት ሙግ ሲንተሳይዘሩን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ ክራውዝና ጓደኛው ፖል ቢቨር ይህን ሽቦ በሽቦ የሆነ ቁም ሳጥን የሚያክል መሣሪያ ገዝተው ለሮክ ሙዚቀኞች ያስተዋውቁ ነበር። ከዚያ የተፈጥሮ ድምፅና ሲንተሳይዘር አንድ ላይ ያሉበት አልበም እናውጣ ብለው ተነሡ። ክራውዝ መቅረጫውን ተሸክሞ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ወዳለ ጫካ ሄደ። አልበሙ በ1970 ወጣ፤ በዓይነቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ክራውዝ ግን ከጫካው በልቡ አልተመለሰም። ቀሪ ዕድሜውን በየአህጉሩ ጫካ ሲቀዳ ኖረ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም አንድ ሐሳብ ይዞ ብቅ አለ፦ ባልተነካ ጫካ ውስጥ እያንዳንዱ ፍጡር የራሱ የድምፅ መደብ አለው። አንዱ በቀጭን ሲጮህ ሌላው በወፍራም፣ አንዱ ዝም ሲል ሌላው ይቀጥላል፤ እርስ በርስ አይሸፋፈኑም። ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊኑ ከቱባው ጋር እንደማይጋፋው መሆኑ ነው።

እንግዲህ ይህን ለማየት ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልግም። ከሰበታ ወጣ ብሎ፣ 3,385 ሜትር ከፍታ ባለው በወጨጫ ተራራ ጥግ፣ የመናገሻ ሱባ ጫካ አለ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል፤ በአፍሪካ ከጥንት ጀምሮ ሲጠበቁ ከኖሩት ደኖች አንዱ ሆኖ ነው ስሙ የሚነሣው። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲል ኮሶው አሁንም አለ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ቁሙ። መጀመሪያ ጉሬዛው ነው። ጥቁርና ነጭ ካባ የደረበው ያ ጨዋ የሚመስል ጦጣ ከዛፍ ጫፍ ላይ እንደ ትልቅ እንቁራሪት ያጉረመርማል፤ አንዱ መንጋ ሲያበቃ ከማዶ ያለው ይቀበላል፣ ከዚያም የወዲያኛው። ይህ የጫካው ቤዝ ነው። (በሳይንስ ስሙም «ጉሬዛ» ነው የሚባለው፤ ቃሉን ፈረንጆቹ ከእኛ አፍ ነው የወሰዱት።) ቀጥሎ መሃለኛው ቦታ ላይ ሶሪት የምትባለው ወፍ በሻካራ ድምፅ ትገባለች። ከላይ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማትገኝ፣ ፈረንጆቹ የሐበሻ ካትበርድ የሚሏት ግራጫ ወፍ አለች፤ ጥንዶቹ አንዱ ሲያዜም ሌላው እየተቀበለ ነው የሚዘፍኑት። በዚህ ሁሉ መሃል ነፋሱ በጽዱ ቅጠል ያልፋል። ማንም ማንንም አልረገጠም። እኔ ሙዚቃ ማቀናበር የተማርኩት ከመጽሐፍ ይልቅ እዚያ ቆሜ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የመጀመሪያ ቅጂዬ ግን አሳፋሪ ነበር። ስልኬን በእጄ ይዤ፣ የዝናብ ጃኬት ለብሼ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ስሰማው ጉሬዛው ከሩቅ አለ፣ ከፊት ለፊት የጃኬቴ ሽርሽርታ፣ በየመሃሉ ደግሞ ቁርስ ያልበላ ሆዴ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ይህ ነው፦ ስልኩን አውሮፕላን ሁናቴ ላይ አድርጉት፤ ጉቶ ወይም ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፤ ማይኩን ሳሳ ባለ ነጠላ ወይም በጋቢ ጫፍ ሸፍኑት፣ የነፋሱን ጉምጉምታ ይሰብርላችኋል። ቦታውንና ሰዓቱን በድምፃችሁ ተናገሩና አሥር እርምጃ ራቁ። ከዚያ ቢያንስ 10 ደቂቃ እንደ ሐውልት መቆም ነው። ፋይሉ በሚጨመቀው በኤምፒ3 ፋንታ በዋቭ ቢቀመጥ ይሻላል።

ጃኬቱን ካወለቃችሁም በኋላ አንድ ጣጣ ይቀራል፣ የጅማ መንገድ መኪና። ጎህ ሲቀድ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ከማዶ ቀበሌ ጥርት ብሎ የሚደርሰው በዚህ ሰዓት ነው። ምክንያቱ ሌሊቱን መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ከሥር ያለው አየር ከላይኛው ይበርዳል፤ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ድምፅ ዝግ ይላል፣ ስለዚህ ወደ ሰማይ ሊያመልጥ የነበረው ተመልሶ ወደ መሬት ይታጠፋል። ደወሉን ያመጣላችሁ ያው አየር ሲኖትራኩንም ያመጣዋል። እንደ ዕድል ሆኖ የከባድ መኪና ጉርምርምታ አብዛኛው ከ150 ኸርዝ በታች ነው፤ ማለትም በሴኮንድ ከ150 ጊዜ ባነሰ ርግብግቢት። የወፎቹ ድምፅ በብዛት ከ2,000 እስከ 8,000 ባለው ላይ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ከ150 በታች ያለውን ብትቆርጡት መኪናው በአብዛኛው ይሄዳል፣ ወፉ አይነካም።

ቡራዩና ሱሉልታ ያላችሁ ቅር አይበላችሁ፣ የእናንተም ድርሻ አለ። ቡራዩ ላይ የአዲስ አበባን ውኃ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲያጠጣ የኖረው የገፈርሳ ግድብ አለ፤ የውኃ ወፉ ብዙ ነው፣ የደጋው ሰማያዊ ክንፍ ዝይም አለበት። የሱሉልታ ሜዳ ደግሞ ክረምት ላይ ውኃ ሲተኛበት ማታ የእንቁራሪት ማኅበር ነው፤ ለሙዚቃ ምትነት እንደሱ የሚመች አላገኘሁም። ሦስቱም ከተሞች ሸገር ከተማ በሚለው ስም ከተጠቃለሉ ወዲህ ግንባታው እየጨመረ ነው፤ ግራይንደርና ሚክሰር የማይሰማበት ሰዓት ያው እየጠበበ ነው። ለመቅዳት የምትቸኩሉ ከሆነ ምክንያት አላችሁ።

አሁን ወደ ማሽኑ። ሲንተሳይዘር የሚለው ስም ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሻካራ ድምፅ ይፈጠራል፣ ከዚያ እንደ ቅርጻ ቅርጽ እየተላገ ይለሰልሳል።

ሻካራው ድምፅ ምን ዓይነት ነው? በገናን አስቡ። ከሱሉልታ ማዶ እንጦጦ ላይ የተወለዱት፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ያስተማሩት በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ ሲደረድሩ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ያ ድምፅ እንደ ክራር ጥርት ያለ አይደለም፤ ይነዝራል። ነዛሪው ከየት መጣ? በጅማቱና በብርኩማው መሃል ትንንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ ጅማቱ በተርገበገበ ቁጥር ቆዳውን እየነካ ይመለሳል። ያ መነካካት አንዱን ወፍራም ድምፅ በብዙ ቀጫጭን ድምፆች ያጅበዋል። አሥር አውታር ያለው መሣሪያ ቤት የሚሞላው ለዚህ ነው። ሲንተሳይዘር ላይ «የመጋዝ ጥርስ» የሚባል የሞገድ ዓይነት አለ፤ እሱም ያው ነው፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ከነቀጫጭን ልጆቹ። ሙግን ሳይጠብቁ አባቶቻችን በቆዳ ቁራጭ ደርሰውበት ነበር። ለዐቢይ ጾም፣ ለጸሎት፣ ለጥሞና የመረጡትም ይህንኑ ነዛሪ ድምፅ መሆኑን ልብ በሉ፤ መረጋጋት የግድ ከጥራት አይመጣም።

ላጊው ፊልተር ይባላል። ይህን ለማስረዳት ወዳጄን ጣሪያውን አሳየሁት። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጆሮ ይበሳል። ኮርኒስ ሲሠራለት ያው ዝናብ ጉምጉምታ ብቻ ይሆናል፤ ቀጭኑን ኮርኒሱ ውጦት ወፍራሙን አሳለፈው። የጎረቤት ሠርግ ከግድግዳው ወዲያ ሲሰማ ከዘፈኑ ቃል ይልቅ ከበሮው የሚደርሳችሁም ለዚሁ ነው። ፊልተር ማለት በጣት የሚዞር ኮርኒስ ነው። የመጋዝ ጥርሱን ድምፅ ያዙና ፊልተሩን ቀስ እያላችሁ ዝጉት፤ ጩኸቱ ወደ ሞቅታ ሲለወጥ ትሰማላችሁ።

ቀጥሎ ድምፁ እንዴት ይግባ፣ እንዴት ይውጣ የሚለው ነው። ፒያኖ እንደተመታ ደረስኩ ብሎ ይጮሃል፣ ከዚያ ይደክማል። የእረፍት ሙዚቃ ግን እንደ እጣን ነው መግባት ያለበት፤ ቤቱን መቼ እንደሞላው ማንም አያውቅም፣ ፍሙ ከጠፋ በኋላም ጋቢው ላይ ይቀራል። ሲንተሳይዘሩ ላይ ይህን የሚቆጣጠሩ ቁልፎች አሉ። መግቢያውን 4 ወይም 5 ሴኮንድ፣ መውጫውን 8 ሴኮንድ አድርጉትና አንድ ቁልፍ ብቻ ተጫኑ። አንድ! ጣታችሁ ሌላ መጫን ይፈልጋል፣ ከልክሉት።

ከዚያ ማስተንፈስ ነው። ማሽኑ ውስጥ ጆሮ የማይሰማው፣ በጣም ዝግ ያለ ሞገድ አለ፤ ሥራው ፊልተሩን እንደማይታይ እጅ መክፈትና መዝጋት ነው። አንዱን ዙር 10 ሴኮንድ ካደረጋችሁት በደቂቃ 6 ጊዜ ይሆናል። በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል በዝግታ መተንፈስ ሰውነትን እንደሚያረጋጋ በደንብ የተጠና ጉዳይ ነው፤ አድማጩ ሳያስበው ከሙዚቃው ጋር መተንፈስ ሊጀምር ይችላል። ከዚህ አልፎ «በ432 ኸርዝ የተቃኘ ሙዚቃ በሽታ ይፈውሳል» የሚላችሁን ግን በትሕትና አሰናብቱት።

ሌላ የምወደው ዘዴ አለ። ሁለት ድምፆችን እኩል ለመሆን ትንሽ ሲቀራቸው ተዉአቸው፤ አንዱ 220 ኸርዝ፣ ሌላው 220.2። እየተቀራረቡና እየተራራቁ በየ5 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ያብጣሉ፣ ይሟሽሻሉ። ባሕር የግድ ካስፈለጋችሁ ይኸውላችሁ ሞገድ።

ዝናቡንስ? ድሮ ኢቲቪ ሥርጭቱን ሲዘጋ ስክሪኑ ላይ በረዶ እየወረደ ሸሸሸ የሚል ድምፅ ይመጣ የለ? ያ ከወፍራም እስከ ቀጭን ያለው ድምፅ ሁሉ በአንድ ላይ የተቀላቀለበት ነው፤ ማሽኑም ይሠራዋል። የቆርቆሮ ዝናብም ወደዚያ የተጠጋ ነው። እንቅልፍ የሚያመጣውም ስለዚህ ነው፦ አእምሯችንን የሚቀሰቅሰው ከድምፅ መብዛት ይበልጥ ድንገተኛ ለውጥ ነው፤ ዝናቡ የውሻውን ጩኸትና የጎረቤቱን በር ስለሚሸፍን ለውጥ አይሰማም። ወዳጄ ሞገዱን ከፍቶ ዝናቡን ለማሸነፍ ሲታገል ሁለት ሸሸሸ እያደባደበ ነበር ማለት ነው።

ዜማውን በተመለከተ የሀገራችን ቅኝት ትልቅ ስጦታ አለው። ትዝታ ሜጀርን ውሰዱ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በነዚህ አምስት ድምፆች መሃል የግማሽ ቶን ርቀት የለም፤ ማለትም የትኛውንም ከየትኛውም ጋር ብትጫኑ ጆሮ የሚቧጭር ግጭት አይፈጠርም። ረጅም ጅራት ያለው ድምፅ ላይ ይህ ወሳኝ ነው፤ የመጀመሪያው ሳይጠፋ ሁለተኛው ሦስተኛው ስለሚደረብ፣ ግጭት ካለ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ባቲ ሜጀር ሁለት ቦታ ግማሽ ቶን አለው፤ አምባሰልም እንደዚሁ ከመነሻው ላይ ይቆነጥጣል። ውበታቸውም እዚያ ላይ ነው፣ ግን በጥንቃቄ ነው የሚያዙት። አንቺ ሆዬን ለሠርጉ ተዉለት፤ እሱ ሰው ለማስነሣት እንጂ ለማስተኛት አልተፈጠረም። ይህ የኔ ፍርድ ነው፣ የሚከራከረኝ ካለ ቡና አለ።

ኪቦርዱ የሚያውቀው የፈረንጅ ቅኝት ከክራሩና ከማሲንቆው ጋር ጥርት ብሎ አይገጥምም፤ የሀገር መሣሪያ የሚቃኘው በጆሮ ነው። ሰርጅ ኤክስ ቲ የሚባለው በነፃ የሚገኝ የኮምፒውተር ሲንተሳይዘር የእያንዳንዱን ድምፅ ቅኝት ዝቅ ከፍ እንድታደርጉ ይፈቅዳል። ለመቁረጥና ለማጽዳት ኦዳሲቲ አለ፣ እሱም ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቀው የሙዚቃው ክፍል ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ትዕግሥት።

ከእኛ ሰው ማን ቀድሞ ሠራው ካላችሁ፣ ኃይሉ መርጊያን አዳምጡ። በዋልያስ ባንድ ኦርጋን ሲጫወት፣ አዲስ አበባ ሒልተን ሲያደምቅ የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሲበተን እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ ለብቻው አንድ ካሴት ቀዳ። ባንድ የለም፣ ጭብጨባ የለም፤ የልጅነቱ አኮርዲዮን የድሮ ዜማዎችን ያነሣል፣ ማሽኖቹ ይቀበላሉ። ከዚያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ካሴቱ ላይ የወፍ ድምፅ የለም። ነገር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ከሀገሩ የራቀ ሰው፣ በማሽን እንዴት ያለ ለስላሳ ነገር እንደሚሠራ ከሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖም ጎን ለጎን ስሙ፤ ማሽን የለበትም፣ ግን እንዴት ዝም እንደሚባል ያሳያል። በ99 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ላይ ያረፉት እኚህ መነኩሴ፣ በሁለት ድምፅ መሃል የሚተዉት ክፍተት ራሱ ዜማ ነው። ከአዲሶቹ ደግሞ እንደገና ሙሉ የሚባለው ሙዚቀኛና ሚካኤል ሰይፉ የሀገር ድምፅን ከኤሌክትሮኒክ ጋር አጋብተዋል፤ የነሱ ከመኝታ ይልቅ ለንቃት ይሆናል።

ወደ ሥራችን። ሙዚቃው ረጅም እንዲሆንና እንዳይሰለች ምን ይደረግ? ብሪታንያዊው ብራያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ለአየር ማረፊያ ብሎ በሠራው አልበም የተጠቀመበት መላ አለ፤ እኛ ግን በባሕረ ሐሳብ እናውቀዋለን። 7ቱ ዕለታት ይዞራሉ፣ 4ቱ ወንጌላውያን ይዞራሉ፣ የጨረቃው 19 ዓመት ይዞራል። ሦስቱም እንደገና በአንድ መነሻ ላይ የሚገናኙት ግን በ532 ዓመት፣ በዐቢይ ቀመር ነው። በሙዚቃም ሦስት አጫጭር ቁራጮች አዘጋጁ፤ አንዱ 17 ሴኮንድ፣ አንዱ 23፣ አንዱ 29። እያንዳንዱ ለብቻው ይደጋገም። አንድ ላይ የተነሡት ቁራጮች ተመልሰው አንድ ላይ የሚነሡት ከ11,339 ሴኮንድ በኋላ ነው፤ 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ሊሆን አንድ ሴኮንድ ሲቀረው። በጥቂት ኖታ ሌሊቱን አጋመሳችሁት፣ አንዱም ደቂቃ ሌላውን ሳይመስል።

መጨረሻ ላይ ሁለቱን ስታገናኙ፣ አውጪና ተቀባይን አትርሱ። ቅጂውን መጀመሪያ ብቻውን ሦስት ጊዜ ስሙት። ወፏ ስንት ሰዓት ላይ ትገባለች? በምን ከፍታ? እዚያ ቦታ ላይ ሲንተሳይዘሩ ዝም ይበል፣ ወይም ከታች ይቆይ። ከ1,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ለወፎቹ ለቅቄ እኔ ከዚያ በታች እሠራለሁ፤ ጉሬዛው ሲገባ ደግሞ ቤዙንም አነሣለታለሁ። አንዴ የጉሬዛውን ጉርምርምታ ተከትዬ ፊልተሩን ስከፍት፣ የወዲያኛው መንጋ የተቀበለ ይመስል ድምፁ ከማሽኑ መጣ። ወንበሬ ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ፣ ብቻዬን።

ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። አንደኛው፣ ጎህ ላይ ስትቀዱ ቅዳሴም አዛንም መግባቱ አይቀርም። የሰው ጸሎት ነው፤ ለማሳመሪያ አትጠቀሙበት፣ ቁረጡት ወይም እስኪያልቅ ጠብቁ። ሁለተኛው ጅብ ነው። የጅብ ጩኸት ከወፍራም ተነሥቶ ወደ ቀጭን የሚንሸራተትበት መንገድ ለሲንተሳይዘር ሰው ሕልም ነው፤ እኔም ከፊልተር ጋር አስማምቼ አምሮብኝ ነበር። ለእናቴ አሰማኋት። ደንግጣ ተነሥታ «በሩ ተዘግቷል?» አለች። ሰላም የሚሰጥ ድምፅ የሚባለው በጆሮ ብቻ የሚለካ አይደለም፤ ሰው ያሳለፈው ሕይወት አብሮ ያዳምጣል። ባሕር ዳርቻ ላደገ ሰው ሞገዱ ያስተኛዋል፣ ለሰበታ ልጅ ቆርቆሮው። ጅቡን ለፈረንጅ አድማጭ አስቀምጬዋለሁ።

ለወዳጄ የጣሪያውን ዝናብ ቀድቼ፣ በትዝታ ሦስት ቁራጭ ደርቤ፣ የሦስት ሰዓቱን ሠርቼ ሰጠሁት። በበጋ ሲያዳምጠው ደረቱ ላይ ጋቢ እንደሚደርብ ነገረኝ።

እናንተም ነገ ጠዋት ሞክሩት። 11 ሰዓት ተኩል፣ መስኮት ላይ፣ ነጠላ የለበሰ ስልክ፣ 10 ደቂቃ። ሱባ ድረስ ሄዶ ጉሬዛውን ጥርት አድርጎ የሚቀዳ ካለ ደግሞ እባካችሁ ያሰማኝ፤ የኔው ላይ እስከ ዛሬ ጃኬቴ አለበት።